ከማይኤስኪውኤል 5.7 ወደ 8፣ የቆየ ሲስተም ሳይሰበር እንዴት ይሻገራል

ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ወይ ካዛንቺስ አካባቢ ያለ ቢሮ ገብታችሁ ሂሳብ ክፍሉ የሚሰራበትን ሲስተም ብታዩት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አንድ ነው፣ ድሮ አንድ ልጅ በፒኤችፒ ሰርቶት ውጭ የሄደ፣ ከኋላው ዳታውን የሚይዘው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል 5.6 ወይ 5.7 የሆነ፣ ሰርቨር የሚባለውም ጠረጴዛ ስር ከዩፒኤስ ጎን የተቀመጠ ኮምፒውተር። ይሰራል እኮ፣ ስለሚሰራም ማንም አይነካውም። ግን የ5.7 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 አልቋል፣ የ5.6 ደግሞ ፌብሩዋሪ 2021 ላይ፣ ከዛ ወዲህ የተገኘ የሴኪውሪቲ ቀዳዳ ሁሉ እናንተ ጋ ክፍት ነው ማለት ነው። እና አንድ ቀን አለቃ ይመጣና "በቃ አፕግሬድ አርጉት" ይላል፣ እንደ ስልክ አፕ አንድ ቁልፍ የሚጫኑ ይመስለዋል።

ብዙ ሰው የሚያረገው ዳምፕ (የዳታቤዙን ሙሉ ግልባጭ በፋይል) ወስዶ፣ 8ን ጭኖ፣ ዳምፑን አስገብቶ፣ ከዛ ሌሊቱን ሙሉ ኤረር ሲያሳድድ ማደር ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። አፑ አሮጌው ሰርቨር ላይ እያለ፣ መመለሻ መንገድ እያለ፣ 8 የሚፈልገውን ጸባይ አንድ በአንድ አስለምዱት። የሚሰበረው ዳታው አይደለም ብዙ ጊዜ፣ አሮጌው ኢንጅን፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ ዝም ብሎ ሲያልፈው የኖረው የአፑ ክፉ ልማድ ነው።

ለምን መመለሻ አልኩ፣ 8 ከውስጥ እንዳዲስ ነው የተሰራው። 5.7 ላይ የእያንዳንዱ ቴብል መልክ በየራሱ ኤፍአርኤም ፋይል ነው የሚቀመጠው፣ የዩዘሩና የግራንቱ (የፈቃዱ) መረጃ ደግሞ ማይአይሳም በሚባል የቆየ አይነት ቴብል ውስጥ። 8 ይሄን ሁሉ አንስቶ ኢኖዲቢ በሚባለው አይነት ውስጥ ባለ አንድ ዲክሽነሪ አስገባው። ለኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አልተር ቴብል (የቴብሉን ቅርጽ መቀየር) እየሰራችሁ መብራት ቢሄድ ስራው ወይ አልቋል ወይ ጭራሽ አልተጀመረም፣ ፋይሉ ሌላ ኢንጅኑ ሌላ የሚሉበት ግማሽ የሞተ ቴብል ይዛችሁ አታድሩም። ዋጋው ግን አለው፣ 8 አንዴ የከፈተውን ዳታ ፎልደር 5.7 መልሶ መክፈት አይችልም። ዳውንግሬድ የሚባል የለም፣ ያላችሁ ባክአፕ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ባክአፕ ነው፣ ባክአፕ ስል ግን ወስዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ማለቴ አይደለም፣ ሌላ ማሽን ላይ 5.7 ጭናችሁ እዛ መመለስ ነው። ከተመለሰ ባክአፑ እውነተኛ ነው፣ በዛውም የምትለማመዱበት ኮፒ አገኛችሁ። ማይኤስኪውኤል ዳምፕ ስትጠቀሙ ትሪገሮችን በራሱ ይወስዳል፣ ስቶርድ ፕሮሲጀሮችንና ኢቨንቶችን (ዳታቤዙ ውስጥ የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ግን ካላዘዛችሁት አይወስድም፣ ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው የወር መዝጊያ ሪፖርቱ "ፕሮሲጀሩ የለም" ሲል ነው። ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለው ኦፕሽንም ለኢኖዲቢ ቴብል ብቻ ነው ዋስትና የሚሰጠው፣ ማይአይሳም ቴብሎች ካሉ ሰው እየጻፈ ባለበት የተወሰደ ዳምፕ የተምታታ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሰው ከወጣ በኋላ ውሰዱ።

በነገራችን ላይ ዛምፕ (ፒኤችፒንና ዳታቤዝን አንድ ላይ የሚጭነው ፓኬጅ) ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ቨርዥኑን ጠይቁት፣ ስሙ ማይኤስኪውኤል ቢልም ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ማሪያዲቢ የሚባል ሌላ ዳታቤዝ ነው፣ ከሆነ የሱ መንገድ ሌላ ነው፣ ከዚህ ጽሁፍ የዳታ ማጽዳቱን ክፍል ብቻ ውሰዱ።

ኮፒው ላይ ከሆናችሁ በኋላ ማይኤስኪውኤል ሼልን ጫኑና አፕግሬድ ቼከሩን አስነሱት። 5.7 ሰርቨር ላይ ሆኖ 8 ላይ ችግር የሚፈጥረውን ይዘረዝራል፣ የተያዙ ቃላትን (ዳታቤዙ ለራሱ የወሰዳቸውን)፣ ዜሮ ቀኖችን፣ የተሰረዙ ፈንክሽኖችን የሚጠሩ ፕሮሲጀሮችን ምናምን። ጥሩ መሳሪያ ነው ግን አትመኑት ማለት ይቀለኛል፣ ምክንያቱም የሚያየው ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፣ ፒኤችፒ ፋይሉ ውስጥ በጥቅስ መሃል የተጻፈውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትእዛዝ) አያይም፣ ችግሩ ደግሞ ግማሹ እዛ ነው ያለው። እሱን ለማግኘት ኮዱን ሙሉ በሰርች ማሰስ፣ ከዛም ኮፒው ሰርቨር ላይ ጄነራል ሎጉን (እያንዳንዱን ኩዌሪ የሚመዘግበውን) ከፍቶ ሲስተሙን ከሜኑው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫን ነው፣ አሰልቺ ነው ግን አቋራጭ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ኤስኪውኤል ሞድ፣ ዳታቤዙ ዳታ ሲቀበል ምን ያህል ጥብቅ እንደሚሆን የሚወስነው ሴቲንግ። 5.7ም 8ም በዲፎልት ስትሪክት (ጥብቅ) ናቸው፣ ግን የሰርቨሩን ኮንፊግ፣ ማይ.ሲኤንኤፍ ፋይሉን፣ ብትከፍቱት ኤስኪውኤል ሞዱ ባዶ ተደርጎ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ ሲስተሙ ኤረር ሲያበዛ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን መፍትሄ ለጥፎ ነው። ባዶ ሞድ ማለት ኢንጅኑ የማይገባ ዳታ ሲመጣለት ቆርጦም ቢሆን፣ ዜሮ አርጎም ቢሆን ያስገባል ማለት ነው፣ ዋርኒንግ ይሰጣል፣ ዋርኒንግ ደግሞ ማንም አያይም። እናንተ ኮፒው ላይ የ8ን ዲፎልት ሞድ አስገቡና ሲስተሙ የት የት እንደሚጮህ መዝግቡ። ሁሉን በአንዴ ካቃታችሁ በሴሽን (በአንድ ኮኔክሽን) ደረጃ በአንድ ሞጁል ጀምሩ፣ ለምሳሌ ሽያጩን ብቻ፣ ሌላው በድሮው ይቀጥል፣ ሲጠራ ወደ ስቶክ፣ ከዛ ወደ ደሞዝ።

ስትሪክት ሲበራ የመጀመሪያው ጩኸት እኛ ጋ ከየትኛውም አገር በላይ የሚመጣው ከቀን ነው። ብዙ ሲስተም የኢትዮጵያ ቀንን በቀጥታ ዴት ኮለም ውስጥ ነው የሚያስገባው፣ 2014-01-15 ይላል መስከረም 15 ለማለት፣ ኢንጅኑ ግን ጃንዋሪ 15 ነው ብሎ ነው የሚያየው። አብዛኛው ቀን ስለሚገባ ማንም አይነቃም። ጥቅምት 30 ሲመጣ ግን ለሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፣ የለም እንደዚህ አይነት ቀን፣ ጥቅምት 29ም ዓመቱ ለአራት የማይካፈል ከሆነ እንደዛው። ጳጉሜ ደግሞ ጭራሽ አስራ ሶስተኛ ወር ነው። ባዶ ሞድ ላይ እነዚህ ሁሉ 0000-00-00 ሆነው ነው የተቀመጡት፣ ስለዚህ የጳጉሜ ሽያጭ በሙሉ ሪፖርት ላይ ቀን የለውም፣ ስትሪክት ላይ ደግሞ ካሸሯ "ሴቭ አልልም አለኝ" ብላ ትደውላለች። ልክ ያልሆኑ ቀኖችን ፍቀድ የሚል ሞድ አለ እሱን እናብራው የሚል ሰው ይመጣል፣ እሱ የሚፈቅደው ወር ከ1 እስከ 12፣ ቀን ከ1 እስከ 31 ነው፣ ጥቅምት 30ን ያድናል፣ ጳጉሜን አያድንም።

ሌላም ጣጣ አለው፣ የቀን ልዩነት የሚያሰላ ካለ። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ያለው 30 ቀን ነው፣ ኢንጅኑ ግን 31 ይላችኋል ጃንዋሪ ስለመሰለው፣ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ደግሞ 28 ይላል፣ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል 29። ቅጣትና ወለድ የሚያሰላ ሲስተም ላይ ይሄ ገንዘብ ነው።

ትክክለኛው መፍትሄ ዴት ኮለሙን በፈረንጅ ቀን አርጎ መያዝ፣ ወደ ኢትዮጵያ መቀየሩን ለስክሪንና ለደረሰኝ ብቻ መተው ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ብቻ ሴፕቴምበር 12፣ በዚህ ላይ የተመሰረቱ የተፈተኑ ላይብረሪዎች በፒኤችፒም በጃቫስክሪፕትም አሉ፣ ራሳችሁ አትጻፉት። ጊዜ ካጣችሁ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ሶስት የቁጥር ኮለም ክፈቱ፣ አያምርም ግን አይዋሽም። ዜሮ የሆኑትን መዝገቦች በተመለከተ የጠፋውን ቀን ኢንጅኑ አይመልሰውም፣ የደረሰኝ ቁጥሩ ከየትኛውና ከየትኛው ቀን መሃል እንደሆነ እያያችሁ፣ የወረቀት ፓዱን ከሂሳብ ክፍል አስወጥታችሁ ትሞላላችሁ። ይሄን ስትሰሩ ለዛ ሴሽን ብቻ ሞዱን ባዶ አርጉት፣ አለዚያ ዜሮ ቀን ብላችሁ መፈለግ ራሱ ኤረር ሊሰጣችሁ ይችላል። የኮለሙ ዲፎልት ዜሮ ቀን ከሆነም ወደ ነል ቀይሩት፣ አለዚያ ሌላ ነገር አልተር ስታረጉ በሱ ሰበብ እምቢ ይላል።

ቀጥሎ አማርኛው። ይሄም ልቤን ከሚያደርቁት ነገሮች አንዱ ነው። አሮጌ ሲስተሞች ላይ የቴብሉ ካራክተር ሴት (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ስርዓት) ለላቲን ፊደል የተሰራው ላቲን1 ነው፣ አፑ ግን አማርኛን ጨምሮ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን የዩቲኤፍ8 ባይቶች ዝም ብሎ ይወረውርበታል፣ ሲያነብም እንደዛው ስለሚያነብ ስክሪኑ ላይ አማርኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሁሉም ሰላም ነው ይባላል። የፒኤችፒ ኮኔክሽን ካራክተር ሴት ካልነገራችሁት ግን የሰርቨሩን ዲፎልት ነው የሚወስደው፣ 5.7 ላይ ላቲን1 ነበር፣ 8 ላይ ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ሆነ። ስለዚህ ምንም ኮድ ሳትነኩ በነጋታው የደንበኞች ስም በሙሉ ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ሆኖ ይመጣል፣ አለቃም ዳታው ጠፋ ብሎ ይጮሃል። አልጠፋም።

ምርመራው ቀላል ነው። አበበ የሚል ስም ያለበትን ረድፍ ያዙና ካራክተር ሌንግዙን ጠይቁ፣ 3 ካለ ጤነኛ ነው፣ 9 ካለ ታሟል፣ ምክንያቱም አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ነው፣ ባይቱን እንደ ፊደል እየቆጠረው ነው። ከዛ ሄክሱን (የባይቶቹን ኮድ) እዩ። ጤነኛ የአማርኛ ባይት በኢ1 ነው የሚጀምረው። ኮለሙ ላቲን1 ሆኖ ሄክሱ በኢ1 ከጀመረ ባይቱ ልክ ነው፣ ስያሜው ብቻ ነው የተሳሳተው። ኮለሙ ዩቲኤፍ8 ሆኖ ሄክሱ በሲ3 ኤ1 ከጀመረ ግን ሁለቴ ተጠቅልሏል፣ የላቲን ነው ተብሎ የታሰበ ባይት እንደገና ወደ ዩቲኤፍ8 ተቀይሯል።

ለመጀመሪያው አይነት ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ቫርባይነሪ፣ ከዛ ወደ ቫርቻር ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ቀይሩት፣ በሁለት አልተር። ባይነሪ ላይ ሲያርፍ ስያሜው ይረሳል፣ ባይቱ አይነካም። "ኮንቨርት ቱ ካራክተር ሴት" የሚለውን አንድ መስመር ትእዛዝ በቀጥታ ከሰጣችሁት ግን ራሳችሁ ሁለተኛውን በሽታ ፈጠራችሁ ማለት ነው፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ለሁለተኛው አይነት ቫልዩውን ወደ ላቲን1 ኮንቨርት፣ ወደ ባይነሪ ካስት፣ ከዛ ወደ ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ኮንቨርት የሚል አፕዴት ነው፣ ግን ሄክሳቸው በሲ3 ኤ1 የሚጀምሩት ላይ ብቻ፣ ምክንያቱም በአንድ ቴብል ውስጥ ጤነኛና በሽተኛ ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ፣ ሲስተሙን መሃል ላይ ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ በተለይ። ስትጨርሱ ኮኔክሽኑ ላይ ካራክተር ሴቱን በግልጽ ጻፉ፣ ለዲፎልት አትተዉት።

አሮጌው ዩቲኤፍ8 እኮ አማርኛ ይይዛል ለምን ኤምቢ4 ትሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ዋናዎቹ ፊደሎቻችን 3 ባይት ላይ ያልቃሉ። ግን ኢሞጂ 4 ባይት ነው፣ በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጊኛ የገቡት ተጨማሪ ፊደሎችም 4 ባይት ናቸው፣ የአሮጌው ዩቲኤፍ8 አቅም 3 ነው።

ኮሌሽኑም፣ ማለትም ፊደሎች የሚነጻጸሩበት ደንብ፣ ተቀይሯል። የ8 ዲፎልት፣ 0900 የሚለው፣ ከኋላ ያለን ስፔስ ይቆጥራል። ድሮ "አበበ" እና "አበበ" ከነስፔሱ እኩል ነበሩ፣ አሁን ሁለት ሰው ናቸው፣ ስለዚህ ከኤክሴል ኮፒ ተደርጎ የገባ የዕቃ ኮድ ካለ ጆይኑ (ሁለት ቴብል የሚያገናኘው ኩዌሪ) በድንገት ባዶ ይሆናል። አስቀድማችሁ ትሪም አርጉ። አዲስ ቴብል በአዲሱ ኮሌሽን፣ አሮጌው በአሮጌው ከሆነም ሁለቱን ስታገናኙ የኮሌሽን ቅልቅል ኤረር ይመጣል፣ ወይ ሁሉን ቀይሩ ወይ ሁሉን ተዉ። አዲሱ ኮሌሽን ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ያረጋል ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ አያረግም፣ ኃይሉን በሃይሉ ለማግኘት አሁንም ራሳችሁ የተስተካከለ የፍለጋ ኮለም መጨመር አለባችሁ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ግሩፕ ባይ 5.7 ላይ ሳትጠይቁት ውጤቱን በቅደም ተከተል ይሰጥ ነበር፣ 8 ተወው፣ ኦርደር ባይ ጻፉ። ሴሌክት ላይ ያለ ግሩፕ ባይ ላይ የሌለ ኮለም ካለም እምቢ ይላል፣ እሱን ሞዱን በማጥፋት ሳይሆን ኩዌሪውን በማስተካከል ፍቱት፣ ድሮም የሚሰጣችሁ ዋጋ የዘፈቀደ ነበር። የተያዙ ቃላት ላይ የትምህርት ቤት ሲስተም ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ ራንክ አሁን የተያዘ ቃል ነው፣ የተማሪ ደረጃ ኮለም ደግሞ ሁሌም ራንክ ነው ስሙ። ግሩፕስ፣ ሲስተም፣ ዊንዶው፣ ሮውስም ተይዘዋል። በባክቲክ (`) መክበብ ይሰራል፣ ስሙን መቀየር ግን ይሻላል፣ ሁለቱንም 5.7 ላይ ሆናችሁ ትችላላችሁ።

ፓስወርድ የሚለው ፈንክሽን 8 ላይ የለም። አፑ የራሱን ዩዘሮች ሎጊን በሱ የሚያረጋግጥ ከሆነ ማንም አይገባም። አስቀድማችሁ ሎጊኑን ወደ ፒኤችፒው የፓስወርድ ሃሽ አዙሩት፣ ዘዴው አሮጌው ሰርቨር ላይ እያላችሁ ሰው ሎጊን ባረገ ቁጥር በድሮው አረጋግጦ በአዲሱ መልሶ ሴቭ ማረግ ነው፣ ትንሽ ሰንብታችሁ ያልገቡትን ብቻ ሪሴት ታረጋላችሁ። የዳታቤዙ የራሱ ዩዘር ደግሞ 8 ላይ ካሺንግ ሻ2 በሚባል የፓስወርድ ማረጋገጫ ነው የሚፈጠረው፣ ከ7.4 በታች ያለ ፒኤችፒ አይገባውም። ፒኤችፒውን ማሳደግ ነው ደግ፣ ካልተቻለ ለጊዜው ዩዘሩን በድሮው ማረጋገጫ፣ በኔቲቭ ፓስወርድ፣ ፍጠሩት። ግራንት ውስጥ ፓስወርድ ጽፎ ዩዘር መፍጠርም ቀርቷል፣ መጀመሪያ ክሪኤት ዩዘር፣ ከዛ ግራንት።

ማይአይሳም ቴብሎችን ወደ ኢኖዲቢ ስትቀይሩ የፉል ቴክስት ፍለጋ (በጽሁፍ ውስጥ ቃል መፈለጊያ) ካላችሁ ውጤቱ ይለያል። ማይአይሳም ከ4 ፊደል በታች ያለውን ቃል አይመዘግብም፣ ኢኖዲቢ ከ3 በታች ያለውን። ስለዚህ መኪና አሁን ይገኛል፣ ቤት፣ ልጅ፣ ሰው ግን ሁለት ፊደል ስለሆኑ አይገኙም። ትንሹን ርዝመት 2 አርጋችሁ ኢንዴክሱን እንደገና ስሩት።

ይሄ ሁሉ አሮጌው ላይ አልቆ፣ ሰው እየሰራበት ሰንብቶ ኤረር ከጠፋ፣ ያኔ ነው ሌሊቱን የምትመርጡት። የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ መጀመሪያ አይሆንም፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ደሞዝ ሰሞንም አይሆንም፣ ሱቅ ከሆነ የበዓል ዋዜማም አይሆንም። ቅዳሜ ማታ ጥሩ ነው፣ እሁድ ሙሉ ቀን ይተርፋችኋል። የሚያስፈልገውን ፓኬጅ ሁሉ ቀድማችሁ አውርዱ፣ መሃል ከተማ ላይ የመንገድ ቁፋሮ ባለበት ሰሞን በዛች ሌሊት ኢንተርኔት ይኖራል ብሎ መተማመን ቂልነት ነው። ጀነሬተሩ ነዳጅ እንዳለው የሕንጻውን ጥበቃ ጠይቁት፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለም።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እዛው ማሽን ላይ ነው፣ ኢኖዲቢ ፋስት ሻትዳውንን ዜሮ አርጋችሁ ሰርቨሩን በዝግታ ታቆማላችሁ፣ የዳታ ፎልደሩን ሙሉ ኮፒ ትወስዳላችሁ፣ ኮንፊጉን ታጸዳላችሁ፣ 8.0ን ትጭናላችሁ። ኮንፊግ ማጽዳቱን አትዝለሉት፣ ኩዌሪ ካሽ ከ8 ወጥቷል፣ የሱ መስመር ፋይሉ ውስጥ ካለ ሰርቨሩ ጭራሽ አይነሳም፣ ሞዱ ላይ ኖ ኦቶ ክሪኤት ዩዘር የሚል ካለም እንደዛው። ከ8.0.16 ወዲህ አፕግሬዱን ሰርቨሩ ሲነሳ ራሱ ይጨርሳል፣ እናንተ ኤረር ሎጉን ታነባላችሁ። ሁለተኛው አዲስ ማሽን ላይ 8ን ንጹህ ጭኖ ዳምፑን ማስገባት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ አሮጌው ሳይነካ ይቆያልና፣ ነገር ከተበላሸ ኬብል መልሶ መሰካት ነው። ግን ማይኤስኪውኤል የሚባለውን የሲስተም ዳታቤዝ ዳምፕ አርጋችሁ 8 ላይ አትጫኑ፣ ዩዘሮቹን እንደገና ፍጠሩ። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ እየሄዳችሁ ከሆነም የቴብል ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል ጉዳይ አለ፣ ያ ሴቲንግ 8 ላይ መጀመሪያ ሲጫን ካልተወሰነ በኋላ አይቀየርም።

ሲነሳ አናላይዝ ቴብል በየቴብሉ አስኬዱ፣ የአምናውን ወር ሪፖርት ከአሮጌው ካወጣችሁት ጋር ድምር በድምር አስተያዩ፣ ሂሳብ ክፍል ያለችውን ልጅ እሁድ ጠዋት አስመጥታችሁ አንድ ሽያጭ፣ አንድ ሰረዛ፣ አንድ ሪፖርት አሰሯት፣ እናንተ የማታውቁትን ቁልፍ ታውቃለች። ስሎው ኩዌሪ ሎጉን ክፈቱ። ባይነሪ ሎግ፣ የዳታ ለውጥን ሁሉ የሚመዘግበው፣ 8 ላይ በዲፎልት ክፍት ነው፣ 30 ቀን ያቆያል፣ ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ቀኑን ቀንሱ እንጂ አትዝጉት፣ ረቡዕ ላይ አንድ ሰው ያለ ዌር ዲሊት ቢሰጥ (የትኛውን ሳይለይ ሰርዝ ቢል) የሚያድናችሁ እሱ ነው።

የ8.0ም ድጋፍ ራሱ ማብቂያው ኤፕሪል 2026 ነው፣ ስለዚህ ማረፊያው 8.4 ነው፣ ግን ከ5.7 በቀጥታ ወደ 8.4 እዛው ማሽን ላይ መዝለል አይቻልም፣ በ8.0 ማለፍ ግድ ነው። 8.4 ላይ ኔቲቭ ፓስወርድ በዲፎልት ተዘግቷል፣ 9 ላይ ጭራሽ የለም፣ ስለዚህ ለጊዜው ብላችሁ የፈጠራችሁት ዩዘር ካለ ከዛ በፊት ፒኤችፒውን አሳድጉና ቀይሩት።